የእግር ደም ቧንቧ መጥበብና ደም ማቅጠኛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲራመዱ ባትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ቆም ሲሉ የሚለቅ ሕመም ብዙ ስም ይሰጠዋል። ብርድ ነው፣ ሪህ ነው፣ እርጅና ነው ይባላል። አንዳንዱ ሰው ግን ሲመረመር የእግሩ ደም ቅዳ ቧንቧ ጠቦ ይገኛል። ሐኪሙም ደም ማቅጠኛ ያዝለታል። ጥያቄው የሚመጣው መድኃኒቱን ይዞ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ከታች ያለው ከሐኪምዎ ጋር ለመነጋገር እንዲረዳዎ የተጻፈ ነው። በዚህ ተነስተው መጠን አይቀይሩ፣ መድኃኒትም አያቁሙ።

ሕመሙ በትክክል ምንድን ነው?

ከልብ ወደ እግር ደም በሚወስዱት ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ስብና ካልሲየም ይጠራቀማል። ቧንቧው ይጠባል። ተቀምጠው ሳሉ የሚደርሰው ደም ይበቃል። ዳገት ሲወጡ ግን ጡንቻው የሚፈልገውን ያህል ስለማያገኝ ያማል። ዕድሜ፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራና ስኳር ያመጡታል። ከእነዚህ ሲጋራና ስኳር ይብሳሉ።

ምርመራው ቀላል ነው። የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ተለክቶ ለክንድ ግፊት ይካፈላል። ውጤቱ 0.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ስኳር ለረጅም ዓመት የኖረበት ሰው ላይ ግን ቁጥሩ ሊያታልል ይችላል። ቧንቧው በካልሲየም ስለሚደነድን በመለኪያው አይጨመቅም፤ ቁጥሩ ከ1.40 በላይ ይወጣል። ያኔ የእግር አውራ ጣት ግፊት ይለካል፣ ወይም በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታያል።

ደም መልስ ቧንቧ ውስጥ ደም ረግቶ እግር የሚያብጥበት ሕመም ከዚህ የተለየ ነው። ሁለቱም «የእግር ደም ሥር» እየተባሉ ይደባለቃሉ። የሚታዘዘው መድኃኒትም ሆነ መጠኑ አንድ አይደለም። ስለዚህ የዘመድ ወይም የጎረቤት ማዘዣ እዚህ ላይ አይሠራም።

ደሜ ወፍሯል ማለት ነው?

አይደለም። መድኃኒቱም ደሙን አያቀጥነውም። ደም ማቅጠኛ እየተባለ ስለለመድነው ነው እንጂ ሥራው ደም ቶሎ እንዳይረጋ ማድረግ ነው።

ይህን የሚያደርጉት በሁለት መንገድ ነው። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ፕሌትሌት የሚባሉት ትንንሽ የደም ሕዋሶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከላከላሉ። ዋርፋሪንና ሪቫሮክሳባን ደግሞ ደምን የሚያረጉትን ፕሮቲኖች ያዳክማሉ። የጠበበው ቧንቧ ግድግዳ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚሰበሰቡት ፕሌትሌቶች ናቸው። አብዛኛው በሽተኛ በአስፕሪን ወይም በክሎፒዶግሬል የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ወራት ዋጥኩት፤ እግሬ ግን ያው ነው። ምን ይጠቅመኛል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ክብደት ያለው ይኼ ነው። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው።

አስፕሪንም ሆነ ክሎፒዶግሬል የእግር ሕመም አያስታግሱም፤ የጠበበውንም ቧንቧ አይከፍቱም። የሚታዘዙት ለሌላ ነገር ነው። የእግሩ ቧንቧ የጠበበ ሰው የልቡና የአንጎሉ ቧንቧም አብሮ የመጥበብ ዕድሉ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እግሩን ከማጣት ይልቅ በሃርት አታክ ወይም በስትሮክ የመሞት ዕድሉ ይበልጣል። መድኃኒቱ የሚጠብቀው ከዚህ ነው።

ችግሩ ይህ ጥቅም በዓይን አለመታየቱ ነው። ጥሩ ዘበኛ ባለበት ቤት ሌሊቱን ምንም አይፈጠርም፤ ባለቤቱም ጠዋት ተነስቶ «ይህን ደመወዝ ለምንድን ነው የምከፍለው?» ይላል። የመድኃኒቱ ጉዳት ግን ወዲያው ይታያል። ድድ ይደማል፣ ክንድ ይበልዛል፣ ጨጓራ ያቃጥላል። ስለዚህ ሰው ያልታየውን ጥቅም ትቶ የታየውን ጉዳት ይቆጥራል።

ለሕመሙ ለራሱ ከሁሉ የሚሻለው መራመድ ነው። እስኪያም ይራመዳሉ፣ ሲያም ያርፋሉ፣ ሲተው እንደገና ይነሳሉ። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ በቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት። እግር ላይ ቁስል ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሲሎስታዞል የሚባል መድኃኒትም የሚራመዱትን ርቀት ይጨምራል፤ የልብ ድካም ላለበት ሰው ግን ክልክል ነው። ሲጋራ ማቆምና እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት መውሰድ ደግሞ ከደም ማቅጠኛው እኩል የሚታዩ ሕክምናዎች ናቸው። አስፕሪን እየዋጡ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ግማሹን ሥራ ራስዎ እያፈረሱት ነው።

አስፕሪን ይሻላል ወይስ ክሎፒዶግሬል?

ሁለቱም ይሠራሉ። የተለመደው መጠን አስፕሪን በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም፣ ክሎፒዶግሬል 75 ሚሊግራም ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖች የሚያውቁት 81 ሚሊግራሙ «ቤቢ አስፕሪን» ያው ነው።

በ1996 የታተመ ኬፕሪ የተባለ ትልቅ ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። ከ19,000 በላይ ሰዎች ነበሩበት። የእግር ቧንቧ ሕመም ካለባቸው መካከል በዓመት ሃርት አታክ፣ ስትሮክ ወይም ከእነዚህ ጋር የተያያዘ ሞት የደረሰባቸው አስፕሪን ከወሰዱት 4.9 በመቶ፣ ክሎፒዶግሬል ከወሰዱት ደግሞ 3.7 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ለዚህ ሕመም ክሎፒዶግሬልን ያስቀድማሉ።

ከዚያ በኋላ አዲሱ ቲካግሬሎር ይበልጣል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። በ13,885 ሰዎች ላይ ሲሞከር ከክሎፒዶግሬል አልበለጠም። በዋጋ ግን ይበልጣል። ስለዚህ ለእግር ብቻ ውዱን ካልገዛሁ ብለው አይጨነቁ። ክሎፒዶግሬል ከጠፋ ወይም ኪስ ካልቻለው አስፕሪንን በየቀኑ ሳያቋርጡ መውሰድ ክሎፒዶግሬልን አንዴ እየገዙ አንዴ እየተዉ ከመዋጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ለውጡን ግን ከሐኪምዎ ጋር ያድርጉት።

የቁርጭምጭሚት ግፊት ቁጥሬ ዝቅ ብሏል ተባልኩ፤ ግን ምንም አያመኝም። አስፕሪን ልጀምር?

ዝም ብለው አይጀምሩ። ስኮትላንድ ውስጥ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ በስኳር ሕሙማን ላይ፣ ምንም ምልክት የሌላቸው ሰዎች አስፕሪን በመውሰዳቸው የታየ ጥቅም አላገኙም። ሌላ ምክንያት ካለ ሐኪሙ ያመዛዝነዋል። የኮሌስትሮል መድኃኒቱና ሲጋራ ማቆሙ ግን ሕመም ባይኖርም ያስፈልጋል።

ሐኪሙ አስፕሪኑ ላይ ሪቫሮክሳባን ጨመረልኝ። ሁለት ማቅጠኛ አይበዛም?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንየው። ሪቫሮክሳባን በብዙ ቦታ የሚታወቀው ዛሬልቶ በሚለው የንግድ ስሙ ነው። ለእግር ደም ቅዳ ሕመም የሚታዘዘው በጣም ትንሹ መጠን ነው፤ 2.5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከአስፕሪን ጋር።

ማስረጃው የመጣው ከሁለት ትልልቅ ጥናቶች ነው። በ2017 ውጤቱ የወጣው ኮምፓስ ወደ 7,500 የሚጠጉ የደም ቅዳ ቧንቧ ሕሙማን ነበሩበት። ውጤቱን በመቶ ሰው እናስበው። አስፕሪን ብቻ ከወሰዱ 100 ሰዎች 7ቱ ሃርት አታክ፣ ስትሮክ ወይም በልብና በደም ቧንቧ ምክንያት ሞት ደረሰባቸው። ሁለቱን አብረው ከወሰዱት 5ቱ። እግርን አደጋ ላይ የሚጥል ችግር ከ2 ወደ 1 ወረደ። ከባድ መድማት ግን ከ2 ወደ 3 ወጣ። የ2020ው ቮየጀር ደግሞ የእግር ቧንቧቸው በባሉን፣ በስቴንት ወይም በቀዶ ሕክምና የተከፈተላቸውን 6,564 ሰዎች ተከታተለ። በሦስት ዓመት ውስጥ የልብ፣ የአንጎል ወይም የእግር አደጋ ያጋጠማቸው ከ19.9 በመቶ ወደ 17.3 በመቶ ቀነሱ። እዚህም መድማት ጨምሯል።

እንግዲህ ጥቅምም ጉዳትም አለ። ይበልጥ የሚጠቀመው አደጋው ከፍ ያለበት ሰው ነው፦ በቅርቡ ቧንቧው የተከፈተለት፣ እግሩ ተቆርጦ የሚያውቅ፣ ስኳር ወይም የልብ ቧንቧ ሕመም አብሮ ያለበት። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ የሚያውቅ፣ በቅርቡ ከጨጓራው የደማ፣ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ላይ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለዎት ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይጀምሩ።

ዘመዴ ከውጭ ዛሬልቶ ላከልኝ። ያው ነው?

ስሙ ያው ነው፤ መጠኑን ግን ያንብቡ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በሻንጣ የሚመጣው ብዙ ጊዜ 20 ሚሊግራሙ ነው። እሱ ለልብ ምት መዛባት ወይም ደም መልስ ውስጥ ለረጋ ደም የሚሰጥ ነው። እርስዎ በቀን በድምሩ 5 ሚሊግራም ነው የታዘዘልዎ። 20ውን በስህተት በቀን ሁለት ጊዜ ከአስፕሪን ጋር ቢወስዱት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ኪኒኑን እየሰበርኩ እወስዳለሁ ማለትም መፍትሔ አይደለም።

ሌላው ደግሞ የስም መደራረብ ነው። ፕላቪክስና ክሎፒዶግሬል አንድ መድኃኒት ናቸው። አንዱ ከፋርማሲ፣ ሌላው ከዱባይ መጥቶ ሁለቱንም ሲውጥ የሚገኝ ሰው አይጠፋም። ያለዎትን ፓኮ ሁሉ በፌስታል ይዘው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጋ ይሂዱ። ቃል በቃል ሁሉንም።

ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1948 የወጣው ለአይጥ ነበር፤ ከ1954 ጀምሮ ደግሞ በልኩ ለሰው ይሰጣል። ልዩነቱ መጠኑና ክትትሉ ነው።

ለእግር ቧንቧ መጥበብ ብቻ ግን ዋርፋሪን አይመከርም። በ2007 የታተመው ዌቭ የተባለ ጥናት አስፕሪንን በመሰለ መድኃኒት ላይ ዋርፋሪን ወይም አምሳያውን ጨምሮ አየው። አደጋውን አልቀነሰም፤ ሕይወትን አስጊ መድማት ግን ከ1.2 ወደ 4 በመቶ ወጣ።

ታዲያ ለምን ታዘዘልኝ የሚል ሌላ ሕመም አብሮት ይኖር ይሆናል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ዋርፋሪን መውሰድ አለበት። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ ቫልቭ ተጎድቶ የልብ ምት የተዛባበት ሰውም እንደዚያው። ይህ ሕመም ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ነው። በ2022 የወጣ ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት ለእነዚህ የቫልቭ ሕሙማን የዋርፋሪን ወገን መድኃኒት ከሪቫሮክሳባን እንደሚሻል አሳይቷል። ስለዚህ «አዲሱ ይሻላል» ብለው በራስዎ አይለውጡ። ዋርፋሪን ከያዙ በኋላ አስፕሪን ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውንም ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይበቃል።

ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው የጾም ወቅት የራሱ ጣጣ አለው። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው፤ ቫይታሚኑ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። በፍስክ ጎመን ያልነካ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን ቢበላ አይኤንአሩ (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ይወርዳል። ለፋሲካ ወደ ዶሮና ክትፎ ሲመለስ ደግሞ ይወጣል። ጎመን አይከለከልም። ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ መጠን ይብሉ፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ አይኤንአር ያስለኩ። አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬልና ሪቫሮክሳባን ግን ከጎመን ጋር ጠብ የላቸውም።

ስጾም እንዴት ልውሰድ?

በቀን አንዴ የሚወሰደውን ጾም ሲፈቱ፣ ዘጠኝ ሰዓትም ይሁን ማታ፣ ከምግብ ጋር ማድረግ ይቻላል። ዋናው በየቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። 2.5 ሚሊግራሙን ሪቫሮክሳባን ያለ ምግብም መውሰድ ይቻላል። በረመዳን ኢፍጣርና ሱሁር ላይ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ። አውሮፓ በበጋ ሌሊቱ ስለሚያጥር ሁለቱ ኪኒኖች በጣም ይቀራረባሉ፤ ለብቻው ምክር ይፈልጋል። ኪኒን በውሃ መዋጥ ጾም ይሽራል ወይ የሚለው የንስሐ አባትዎና የሃይማኖት መምህርዎ ጉዳይ ነው። ጸበል የሚገቡም ከሆነ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ፤ ሱባኤ ጨርሼ እቀጥላለሁ አይበሉ።

ጨጓራ አለብኝ። ኦሜፕራዞል ልጨምርበት?

ጨጓራ መከላከያ ያስፈልግ ይሆናል፤ ዓይነቱ ግን ይለያል። ኦሜፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ሥራ ያዳክማሉ። ክሎፒዶግሬል ላይ ከሆኑ ፓንቶፕራዞል ይሻላል። የጨጓራ ባክቴሪያ ካለብዎትም መታከሙ የመድማት አደጋውን ይቀንሳል።

ከዚህ የሚብሰው የማስታገሻ ነገር ነው። ወገብ ሲያም ዳይክሎፌናክ መወጋት፣ ራስ ሲያም አይቡፕሮፌን መዋጥ የተለመደ ነው። ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲገናኙ ግን ጨጓራ ያደማሉ። አይቡፕሮፌን ደግሞ አስፕሪኑ ፕሌትሌቱ ላይ እንዳይሠራ ሊያግደው ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይቅደም።

ሌላስ ምን ልጠንቀቅ?

የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ዋርፋሪንንም ሪቫሮክሳባንንም ክፉኛ ያዳክማል። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት በተቃራኒው ሪቫሮክሳባንን ከልክ በላይ ያደርገዋል። ፍላጅልና ባክትሪም፣ እነዚያ ለሆድና ለኢንፌክሽን ብለን በራሳችን የምንገዛቸው፣ ዋርፋሪንን ያጠነክራሉ።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥና በሻይ መጠን ምንም አይሉም። በማር በጥብጦ በየጠዋቱ ብዙ መውሰድና በእንክብል የሚሸጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለሐኪም ይንገሩ። መድኃኒቱን በነጭ ሽንኩርት መተካት ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም።

ዋግምት ይቅርብዎ። ቆዳ ተበጥቶ ደም የሚወጣበት ሕክምና ደሙ ቶሎ ለማይረጋ ሰው አደጋ ነው። ደም በማይደርሰው እግር ላይ ከሆነማ ቁስሉ አይድንም። እግር ቀዘቀዘ ብሎ ከሰል ዳር ማሞቅና ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከርም እንዲሁ። ስኳር ስሜቱን ያደነዘዘው እግር ሲቃጠል አይታወቀውም።

ጥርሴን ልነቀል ነው። ላቁመው?

ለአንድ ጥርስ ብዙ ጊዜ ማቆም አያስፈልግም፤ ደሙ ቦታው ላይ በጋዝ ተጭኖ ይቆማል። ነገር ግን የጥርስ ሐኪሙ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ለትልቅ ኦፕሬሽን የሚቆም ከሆነ የሚቆምበትንም የሚጀመርበትንም ቀን የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው። በተለይ ስቴንት ከገባ ብዙም ካልቆየ በራስዎ አያቁሙ።

አንዱን ኪኒን ረስቼ ዘልያለሁ። ሁለት ልዋጥ?

አይዋጡ። የ2.5 ሚሊግራሙን ሪቫሮክሳባን ከረሱ ቀጣዩን በሰዓቱ ይውሰዱ፣ በቃ። ክሎፒዶግሬል ከሆነ 12 ሰዓት ካልሞላው አሁን ይውሰዱት፤ ካለፈ ይተዉት።

መቼ ነው ሳልዘገይ ሆስፒታል የምሄደው?

እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ወይም ቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ ተጭነው ይዘውት የማይቆም መድማት፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም፣ የአንደበት መተሳሰር። ወድቀው ጭንቅላትዎን ከመቱም ደህና ነኝ ቢሉ እንኳ ይታዩ። የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፤ እሱንም ግን ሐኪም ይወስን።

እግርን በተመለከተ፦ በድንገት ያመመ፣ የገረጣ፣ የቀዘቀዘ፣ የደነዘዘ ወይም ጣቱ አልንቀሳቀስ ያለ እግር ቧንቧው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ እግሩ ሊሞት ይችላል። አይታሽ፣ አይሙቅ፣ እስኪነጋ አይጠበቅ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

እስከ መቼ ነው የምወስደው?

አስፕሪኑ ወይም ክሎፒዶግሬሉ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። ቧንቧው ቢከፈትም ይቀጥላል፤ ሕመሙ ያለው የተከፈተው ቦታ ላይ ብቻ አይደለምና።

ስቴንት ወይም ባሉን ከተደረገልዎ በኋላ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው የሚሰጡት ግን ለጊዜው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ስድስት ወር። ሰው ይህን ሳያውቅ ሁለቱንም ለዓመታት ሲወስድ ይገኛል፤ መድማቱም ይከተላል። ከሆስፒታል ሲወጡ «አንዱ የሚቆመው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቀኑን ካርዱ ላይ ያስጽፉ።